የተዘለሉት ስድስት ዓመታት

በወጣቶች ኅብረታችን አንድ መጽሐፍ እየተዋዋስን ስናነብ፣ አንዲት እህት መጽሐፉን መለሰችልኝና «ወንድሜ፣ ስድስቱ ዓመት የት ገባ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

መጽሐፉ የሊንዳ ሱ ፓርክ «ኤ ሎንግ ዎክ ቱ ዎተር» ነው፤ «ረጅሙ የውሃ መንገድ» ብንለው ያስኬዳል። በ2010 የታተመ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)፣ ለታዳጊዎች በቀላል እንግሊዝኛ የተጻፈ፣ በሳልቫ ዱት እውነተኛ ሕይወት ላይ የተመሠረተ ቀጭን ልብ ወለድ ነው። ኢታንግና ጊሎ ወንዝ በውስጡ ስላሉ እኛ የጋምቤላ ልጆች እንደ ሩቅ አገር ታሪክ ልናነብበው አንችልም።

ሳልቫ በ1985 የ11 ዓመት ልጅ ነው። ትምህርት ቤት ሳለ ተኩስ ይከፈታል፤ ከቤተሰቡ ተለይቶ ወደ ኢትዮጵያ ይሰደዳል። በመንገድ ላይ ጓደኛውን ማሪያልን አንበሳ ይወስደዋል። በረሃው ሲከብደው አጎቱ ጄዊር ከፊት የሚታየውን ቁጥቋጦ ብቻ እያሳየ፣ እዚያ ሲደርሱ ደግሞ ቀጣዩን እያመለከተ ያራምደዋል። ከመጽሐፉ ምርጡ ክፍል ይህ ነው። ጭንቀት የበዛበት ሰው የዓመቱን ሸክም ባንድ ጊዜ እንዳይሸከም እንዲህ አድርጎ ያስተማረ ስብከት ብዙ አልሰማሁም። አጎትየውም በኋላ በልጁ ፊት ይገደላል።

ከዚያ ኢታንግ ይደርሳል። በመጠለያው ሕዝብ መካከል ብርቱካናማ ሻሽ ያሰረች ሴት ያያል፤ እናቱ መስላው ይከተላታል። እናቱ አይደለችም። ቤተሰቡን ዳግም እንደማያይ የሚገባው ያን ጊዜ ነው። እናስ? ደራሲዋ ስድስት ዓመት ትዘልላለች። ቀጥሎ የምናገኘው 1991ን ነው፤ የደርግ መንግሥት ወድቋል፣ ወታደሮች ስደተኞቹን ወደ ጊሎ እየነዱ ነው።

ሊንዳ ሱ ፓርክ ጥማትን፣ አንበሳን፣ ወንዝን መጻፍ ታውቅበታለች። መቀመጥን ግን አልጻፈችም። ያ ልጅ በስድስቱ ዓመት እንዴት ተኛ? ከማን ጋር አወራ? ሻሽ ባየ ቁጥር ልቡ ምን አለው? ለታዳጊ የተጻፈ አጭር መጽሐፍ ነው፣ ሁሉን ሊይዝ አይችልም ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ነገር ግን የእናንተ ጓደኞች የሚኖሩት በዚያ በተዘለለው ቦታ ነው። በታኅሣሥ 2013 የደቡብ ሱዳን ጦርነት ከተነሣ በኋላ ኩሌ፣ ቲርኪዲ፣ ጄዊ የገቡት ሰዎች ከመንገዱ ይልቅ በመጠበቅ የቆዩበት ጊዜ ይበልጣል። በሚያዝያ 2016 ከኑዌር ዞን መንደሮች ከተወሰዱት ልጆች የተመለሱ አሉ፤ ያልተመለሱም አሉ። ፖውሊን ቦስ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ስለ እንዲህ ያለው ኀዘን ብዙ ጽፋለች፦ ሰውዬው ይኑር ይሙት ስለማይታወቅ ድንኳን ተጥሎ ለቅሶ አይቀመጡለትም፣ መጨረሻም የለውም።

እኛስ በቤተ ክርስቲያን እንዲሁ አንዘልልም? ምስክርነት ላይ «ተቸግሬ ነበር» እንላለን፤ ቀጥሎ «ጌታ ድል ሰጠኝ» እንላለን፤ መካከሉን ማንም አይጠይቅም። መካከሉ ላይ ያለ ወጣት ታዲያ እምነቱ የደከመ ይመስለዋል። መዝሙር 88ን አንብቡ፤ በጩኸት ጀምሮ በጨለማ ያበቃል፤ ሆኖም ማንም ከመጽሐፍ ቅዱስ አላወጣውም። እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ የጠላ፣ የሚወደው ነገር ሁሉ የሰለቸው ወንድም ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ እንዲሁ ከቆየ ጸልዩለት፤ ጤና ጣቢያም አብራችሁት ሂዱ። ሞትን ማውራት ከጀመረ ያን ቀን ብቻውን አትተዉት።

የመጽሐፉ መጨረሻ ደስ ይላል። ሳልቫ ወደ አሜሪካ ይሄዳል፤ ከዓመታት በኋላ አባቱን ታምሞ ሐኪም ቤት ያገኘዋል፤ ቀጥሎ ለአገሩ የውሃ ጉድጓድ ያስቆፍራል። ዲንካው ሳልቫ የኑዌሯን ልጅ ኒያን የሚያገኝበት ገጽ ለእኛ ክልል ብቻውን አንድ ምሽት የሚያወያይ ነው።

አንብቡት፤ ኢታንግ ስትደርሱ ግን ገጹን ቶሎ አትግለጡ። እኛ ያቺ እህት በጠየቀችን ቅዳሜ እስኪመሽ እዚያው ተቀመጥን። ሁለት ሰዎች ስለ ራሳቸው ተናገሩ፤ አንደኛው ሦስት ዓመት ሙሉ አጠገቤ ሲዘምር የነበረ ነው።