የደራሲ ስምና የድርሰት ዋጋ

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚለው ቃል በአገራችን በለቅሶ ቤት ሳይነሣ አይቀርም። ለሰው ኑሮ መልካም መሪ መሆኑን የሚክድም የለም። ነገር ግን የደራሲ ስም ከመቃብር በላይ ሲውል ድርሰቱንም ይዞት ይውላል ወይስ ጥሎት ይሄዳል? ይህን ጥያቄ ያነሣሁት ለመራቀቅ ብዬ አይደለም፤ አንድ ትንሽ መጽሐፍ ለጎረቤቴ ለማዋስ በፈለግሁ ጊዜ ካጋጠመኝ ነገር የተነሣ ነው።

መኖሪያዬ በየካ ክፍለ ከተማ ነው። ከደጃፌ ቆሜ ወደ ሰሜን ስመለከት የእንጦጦ ተራራ ከነባሕር ዛፉ ይታየኛል። ከቤቴ ቀጥሎ ዕድሜያቸው ወደ ዘጠና የተጠጋ አንድ ሽማግሌ ይኖራሉ፤ አባታቸው በጠላት ወረራ ዘመን በአርበኝነት ወጥተው በሸዋ በረሃ ወድቀው ቀርተዋል። ሽማግሌው ማንበብ ይወዳሉና ከመሥሪያ ቤት ስመለስ አንዳንድ መጽሐፍ አውሳቸዋለሁ። ባለፈው ክረምት የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን ጦቢያ ይዤላቸው ሄድሁ። መነጽራቸውን አድርገው ሽፋኑን አዩና መጽሐፉን ከአግዳሚው ላይ አኖሩት፤ ከዚያም በከዘራቸው ጫፍ ወደ እኔ ገፋ አድርገው፥ «ልጄ፥ ይህ ሰው ከእኔ ጣራ ሥር አያድርም» አሉኝ።

አፈወርቅ በ1860 ዓ.ም. በዘጌ ተወልዶ በወጣትነቱ ለትምህርት ወደ ኢጣልያ ተሻገረ። ሥዕል ተምሮ ከተመለሰ በኋላ እዚሁ ከፊታችን ባለው በእንጦጦ ተራራ በራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ሥዕል እንደ ሣለ ታሪኩን ያጠኑ ሰዎች ጽፈዋል። ኋላም በናፖሊ ከተማ የአማርኛ መምህር ሆነ፤ በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተመው ልብ ወለድ ታሪክ የተባለው መጽሐፉ፥ ኋላ ጊዜ ጦቢያ በሚል ስም የታወቀው፥ በአማርኛ ከተጻፉት ልብ ወለዶች የመጀመሪያው ሆኖ ይቈጠራል። በፋሺስት ወረራ ዘመን ግን ከጠላት ወገን ቆመ፤ አፈ ቄሣር የሚል ማዕረግም ተቀበለ። ከነጻነት በኋላ ተፈርዶበት ወደ ጅማ ተጋዘ፤ በ1940 ዓ.ም. እዚያው ሞተ።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ሳያስተውል አልቀረም። ሰውየውን አንቱ ማለትን ትቻለሁ። ይህን ስጽፍ ብዕሬ ጥቂት ቆሞ ነበር፤ ቋንቋችን ገና ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ፍርድ ስጡ ብሎ ያስገድደናልና። ለደራሲው አንቱ፥ ለአፈ ቄሣሩ አንተ እንዳልል ሰውየው አንድ ነው፤ ከሁለት ልከፍለው አልችልም። ሌላ ሰው በሌላ መንገድ ቢጽፍ ግን አልነቅፈውም።

ለሽማግሌው የሰጠሁት መልስ እንዲህ የሚል ነበር፦ «አባባ፥ የሰውየውን ስም ብንጠላም ዕለት ዕለት በቃሉ እንናገራለን። ልብ ወለድ የምንለው ስም ከእርሱ መጽሐፍ የወጣ ነው።» እርሳቸውም፥ «ቃሉን ወሰድን እንጂ ሰውየውን መች አስገባነው?» አሉኝ። ይህ አነጋገራቸው ብዙ ቀን ሲከነክነኝ ሰነበተ።

መጽሐፉን ያነበበ ሰው እንደሚያውቀው የታሪኩ ሥር ውለታ ነው። በጦርነት የተማረከ አንድ ደጃዝማች አንድ ነጋዴ በሰጠው ወርቅ ራሱን ይዋጃል፤ ነጻ ከወጣም በኋላ ያን ቸር ሰው አግኝቶ ብድሩን ሳይመልስ ዕንቅልፍ አይወስደውም። ልጁ ዋሕድ ነጋዴውን ፍለጋ ሄዶ በባርነት ይወድቃል፤ መንትያ እኅቱ ጦቢያም እንደ ወንድ ለብሳ ከአባቷ ጋራ ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች። እንግዲህ ውለታን አለመርሳት ለቤተ ሰብ የሚያስከትለውን መከራ እንዲህ አድርጎ የጻፈ ሰው፥ ከሠላሳ ዓመት ያህል በኋላ ያሳደገችውን አገር ከሚወጋው ጋራ ተሰለፈ። እኔ የአፈወርቅን ሕይወት ሳላውቅ በተማሪ ቤት ሳለሁ ይህን መጽሐፍ አንብቤው ነበር፤ ደስ የሚል ተረት መሰለኝ። ሕይወቱን ካወቅሁ በኋላ ስመለስበት ግን ብድር መመለስን የሚያወሳው ገጽ ሁሉ ይመረኛል። መጽሐፉ አልተበላሸም፤ ከበደ እንጂ። ስለዚህ ስሙን ደብቀን ድርሰቱን ብቻ እናንብብ የሚሉትን ወገኖች ልስማማባቸው አልቻልሁም፤ መጽሐፉን ከነስሙ እንጣለው የሚሉትንም እንደዚሁ። ኖርዌዮች በ1920 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኘውን ክኑት ሐምሱንን፥ ናዚዎችን በመደገፉ ከጦርነቱ በኋላ በፍርድ ቤት ከባድ ገንዘብ አስከፈሉት፤ መጻሕፍቱን ማንበብ ግን አልተዉም።

ሆኖም ኅብረተሰብ የሚያወጣው ስም ሁሉ እውነተኛ አይደለም። በሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር በ1958 ዓ.ም. የታተመውን ታሪክ እናስታውስ። ፊታውራሪ መሸሻ ስለ ዘራቸው ስም ብለው ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ለጠየቃት ሁሉ ሲነፍጉ ዕድሜዋ ያልፋል፤ ከዘመዶቻቸው አንዱ የሆነው ካሣ ደግሞ ይህን ሥርዐት ስለሚተች ጉዱ ተብሎ ይጠራል። ሰውየው የሚናገረውን ላለመስማት ሲባል የወጣ ስም ነው፤ እብድ ነው ካልን መልስ መስጠት አያስፈልገንምና። አፈወርቅ ስሙን ያጠፋው በገዛ ሥራው ነው፤ የካሣን ስም ያጠፉት ግን የሰሚዎቹ ጆሮዎች ናቸው። ሐያሲ ነኝ የሚል ሰው አንድ ስም ሲጠራ ከሰማ ማን አወጣው፥ ስለ ምን ሥራ አወጣው ብሎ መጠየቅ አለበት።

መልካም ስምም ድርሰትን ይጎዳል ብል ይታመናልን? ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በዚያው በእንጦጦ ራጉኤል እንደ ተማሩ ይነገራል። ኋላ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ፤ በ1931 ዓ.ም. በስደት እንግሊዝ አገር አረፉ። ስማቸው ንጹሕ ነው፤ ሁሉም ያከብራቸዋል፤ የሚያነባቸው ግን ጥቂት ነው። ስማቸውን በክብር ስለ ጠራን ያነበብናቸው ይመስለናል። ሐዲስ ዓለም በተባለው መጽሐፋቸው በፈረንሳይ አገር ተምሮ የተመለሰው አወቀ፥ አባቱ በሞተ ጊዜ ስለ ተዝካር ድግስ ከዘመዶቹ ጋራ ይጋጫል። የዘመዶቹ ጭንቀት ለሟች ነፍስ ብቻ አይደለም፤ ሰው ምን ይለናል ነው። በእኛ ሰፈር ዛሬም ድንኳን ተተክሎ ሲደገስ፥ የቤቱ ስም እንዳይወድቅ ከወዳጅ ገንዘብ የተበደረ ሰው አይታጣም። መጽሐፉ ለዛሬው ሰው የተጻፈ ነው፤ እኛ ግን ከመደርደሪያ አኑረን እንሰግድለታለን።

ይህን ሁሉ ስናገር ራሴን ከጥፋት አላወጣም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በመሥሪያ ቤታችን ስብሰባ ላይ ስለ አንድ ታላቅ ስም ስላለው ደራሲ አዲስ መጽሐፍ አስተያየት እንድሰጥ ታዝዤ፥ ግማሹን ሳላነብ አመስግኜ ተቀመጥሁ። ተጨበጨበልኝም። ከስብሰባው በኋላ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ቀረብ ብላ፥ «መጨረሻው አላሳዘነህም?» ብትለኝ የምመልሰው አጣሁ። መጽሐፉን በኋላ ስጨርሰው ደካማ ሆኖ አገኘሁት፤ ያን ለመናገር ግን ጊዜው አልፎ ነበር።

ጦቢያን ያን ቀን ከአግዳሚው ላይ ትቼላቸው ነበር የወጣሁት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሽማግሌው በልጅ ልጃቸው እጅ ላኩልኝ። ተማሪዎች ደብተራቸውን እንደሚለብዱት ሽፋኑ በጋዜጣ ተለብዷል። በማግሥቱ ከበራቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸውና አነበቡት ወይ ብዬ ጠየቅሁ። «ልጂቱ ጀግና ናት» አሉኝ፤ ጥቂት ዝም ብለውም፥ «ስሙን ግን ሸፍኜ ነው ያነበብሁት» አሉ። ቤቴ ገብቼ ጋዜጣውን ላጥሁና መጽሐፉን፥ ስሙ እንዲታይ አድርጌ፥ ከኅሩይ መጻሕፍት አጠገብ አኖርሁት።