ሃይማኖትና «ሬሊጊዮ»፦ ስለ አንድ ትርጉም

«ሬሊጊዮ» የተባለው የላቲን ቃል ከየትኛው ግስ እንደወጣ ሮማውያን ራሳቸው አልተስማሙበትም። ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ45 ዓመት ስለ አማልክት ባሕርይ በጻፈው መጽሐፉ፣ የአምልኮን ነገር እየመላለሱ ማጤንን ከሚያመለክት ግስ አወጣው። ላክታንቲዩስ በ4ኛው መቶ ዓመት መባቻ ይህን ነቅፎ፣ ሥሩ «ማሰር» ነው፤ ሰው ከአምላኩ ጋር የተቆራኘበት ማሰሪያ ነው አለ። ክርክሩ ዛሬም አላለቀም። ሁለቱም ግን ቃሉን ከማመን አላወጡትም።

የእኛ «ሃይማኖት» ከአራማይክ ወደ ግዕዝ የገባ፣ ከ«አምነ» እና ከ«አሜን» ጋር ሥሩ አንድ የሆነ ቃል ነው። የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎቻችን ልዩነቱ አልጠፋቸውም። በያዕቆብ መልእክት (1፥27) ላቲኑ «ሬሊጊዮ» ያለውን የ1954 ዓ.ም. የአማርኛ እትም «አምልኮ» ይለዋል፤ ጳውሎስ ጠበቅሁት የሚለውን (2ኛ ጢሞ. 4፥7)፣ ላቲኑ «ፊዴስ» ያለውን ግን «ሃይማኖት»።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አርቃቂዎች ይህን ጥንቃቄ አላሳዩም። አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት አንዱ በሌላው ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባ ይከለክላል። እምነት እንዴት ጣልቃ ይገባል? ጣልቃ የሚገባው ሲኖዶስ ነው፣ ምክር ቤት ነው፣ ንብረትና ማኅተም ያለው አካል ነው። አንቀጽ 27 ደግሞ ሃይማኖትንና እምነትን ጎን ለጎን አስቀምጦ ልዩነታቸውን ሳይፈታ ያልፋል።

ይህ የቃላት ጨዋታ የሚመስለው ቢኖር የስደተኛውን ምእመን ታሪክ ይመልከት። በኦክላንድና በሳን ሆዜ የምንኖር እንደምናስታውሰው፣ ከሲኖዶሱ መከፈል እስከ ሐምሌ 2010 ዓ.ም. እርቅ ድረስ «የአገር ቤት»፣ «የስደት»፣ «ገለልተኛ» እየተባለ ወንድም ከወንድሙ ተለያይቶ ቀድሷል። ለጠየቀ ሁሉ የሚሰጠው መልስ «ሃይማኖታችንስ አንድ ነው» የሚል ነበር። እውነትም ነበር፤ ከዶግማው አንዲት ቃል አልተለወጠችም። የተበጠሰው ላክታንቲዩስ ያለው ማሰሪያ ነው፤ ለዚያ የሚሆን ስም በጉባኤ ስላልተገኘለት «የአስተዳደር ጉዳይ» ተብሎ ታለፈ።

ስሙ ግን ከቋንቋችን አልጠፋም። በጥምቀት ጊዜ በአንገት የሚታሰረው ክር ማተብ ይባላል፤ ማተብ ያለው ሰው ቃሉን ጠባቂ ነው፣ ማተቡን የበጠሰም ከሐዲ። ላክታንቲዩስ አማርኛ ቢያውቅ ኖሮ ሌላ ማስረጃ ባልፈለገ! እርግጥ ሙስሊሙ ወገናችን ክሩን አያስርምና ማተብ ለሕግ ቃልነት አይበቃም። እርሱ «ዲን» ይላል፤ ያም «ዳኛ» ከሚለው ቃላችን ጋር የሚዛመድ፣ ከማመን ይልቅ ለፍርድ የቀረበ ቃል ነው። አንቀጽ 11 የሚሻሻልበት ቀን ቢመጣ፣ ጣልቃ እንዳይገባ የሚከለከለው «ሃይማኖት» ሳይሆን «የሃይማኖት ተቋም» ተብሎ እንዲጻፍ እንጠይቃለን።