ይቺ መርከብ ለምን አትቆምም? «አስትሮይድስ»ን ዛሬ ስንጫወተው

«አስትሮይድስ»ን ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጫወት ሰው ቶሎ ያማርራል፦ «ኧረ ይቺ መርከብ አትታዘዝም!» ቁልፉን ስትጫኑ ትነሳለች፤ ስትለቁት ግን አትቆምም። አፍንጫዋን ወደ ግራ ብታዞሩትም በጎኗ እየተንሸራተተች በፊት ወደ ያዘችው አቅጣጫ መሄዷን ትቀጥላለች። ከዚያ ድንጋይ ነው፤ በቃ፣ አለቀ። «ያረጀ ጌም ስለሆነ ነው» ብሎ መዝጋት ይቀላል። እኔ ግን የጌሙ ምርጥ ነገር ይሄው ነው እላለሁ።

አታሪ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጌሙን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። አንድ ዓመት ቀድሞ በጃፓን የወጣው «ስፔስ ኢንቬደርስ» ላይ መድፉ እጃችሁን ስታነሱ ወዲያው ይቆማል። የጠፈር ጌም ይባል እንጂ ጠባዩ የምድር ነው። ምድር ላይ የሚንከባለል ኳስ የሚቆመው ፍትጊያና አየር ስለሚይዙት ነው። ጠፈር ላይ ግን ያዥ የለም። የኒውተን የመጀመሪያው የእንቅስቃሴ ሕግ እንደሚለው፣ ሌላ ኃይል እስካልመጣባት ድረስ መርከቧ በያዘችው ፍጥነትና አቅጣጫ ትቀጥላለች።

ከጀርባ ያለው ስሌት ደስ ይላል። ፕሮግራሙ መርከቧ ያለችበትን ቦታና ፍጥነቷን ለየብቻ ይይዛል። ሞተሩ ቦታዋን በቀጥታ አይነካም፤ አፍንጫዋ ወደሚያይበት አቅጣጫ ፍጥነቷ ላይ ጥቂት ይጨምራል፣ ቦታዋን የሚቀይረው ደግሞ ያ ፍጥነት ነው። ስለዚህ ቶሎ ለመቆም አፍንጫዋን ከምትሄድበት በተቃራኒ አዙሮ ሞተሩን መክፈት ነው። እውነተኛ መንኮራኩሮችም ፍጥነት የሚቀንሱት በዚሁ ዘዴ ነው። ይሄን መማሪያ መጽሐፍ ላይ ብታነቡት ልትረሱት ትችላላችሁ፤ ሦስት መርከብ ካቃጠላችሁ በኋላ ግን ጣታችሁ ራሱ ያውቀዋል።

እርግጥ ጌሙ ትንሽ ያጭበረብራል። ሞተሩ ሲጠፋ የመርከቧ ፍጥነት ቀስ እያለ ይቀንሳል፣ የሌለ አየር የያዛት ይመስል። ይሄን ይቅር እላለሁ፤ ለጀማሪ እንደዚያም ሆኖ ከባድ ነው። የድንጋዮቹ መጠጋጋትም ውሸት ነው። በማርስና በጁፒተር መካከል ያለውን እውነተኛውን የአስትሮይዶች ቀበቶ «ፓዮኒር 10» በ1970ዎቹ በሰላም አቋርጣዋለች። ግን እውነቱን ቢሠሩት ኖሮ የምናየው ባዶ ጥቁር ስክሪን ነበር!

የጌሙ ዓለም ቅርጽም ያስገርማል። በቀኝ ስትወጡ በግራ ትገባላችሁ፣ ከላይ ስትወጡ ከታች። የስክሪኑን የላይና የታች ጠርዝ ብታገናኙ ቱቦ ይሆናል፤ የቱቦውን ሁለት ጫፎች ብታጋጥሙ ደግሞ ቦንቦሊኖ። የሒሳብ ሰዎች ቶረስ ይሉታል።

ስልክ ላይ ስትጫወቱት የሚቀርባችሁ ብርሃኑ ነው። የመጀመሪያው ማሽን ሥዕሉን በነጠብጣብ አይሞላም፤ የኤሌክትሮን ጨረር መስመሮቹን አንድ በአንድ ይስላቸዋል፣ ጥይቱም ደምቆ ያበራል።

ድክመቱ ነጥብ አሰጣጡ ላይ ነው። ትንሹ ድንጋይ 100 ነጥብ ሲሰጥ ትንሿ በራሪ ሳህን 1,000 ትሰጣለች። ስለዚህ ብልጦቹ አንድ ድንጋይ ሆን ብለው ይተዉና ጠርዙን ይዘው እየተንሳፈፉ ሳህኗን ያደባሉ። ድንጋይ መስበሩን ትተው፣ ተንሸራታች መርከብ መንዳቱን ግን ከሁሉም በላይ የቻሉት እነሱ ናቸው።