የአንድ ብልቃጥ ማርማላታ ዋጋ

በሪቻርድ ፍላይሸር አዘጋጅነት እ.ኤ.አ. በ1973 ለሕዝብ የቀረበው «ሶይለንት ግሪን» የተሰኘው የአሜሪካ ፊልም ታሪኩ የሚፈጸመው በ2022 ነው። ኒው ዮርክ 40 ሚሊዮን ሕዝብ አጭቃ ይዛለች፤ የምድር ሙቀት ከልክ አልፏል፤ ውቅያኖሱም እየሞተ ነው። ብዙኃኑ ተሰልፎ የሚቀበለው አንድ ኩባንያ የሚያመርተውን ብስኩት መሰል ምግብ ነው። በጥቂቶች ቤት ግን የበሬ ሥጋ፣ ሰላጣና ብልቃጡ 150 ዶላር የሚያወጣ የእንጆሪ ማርማላታ ይገኛል።

ፊልሙን ያየ ሁሉ የሚያወራው ስለ መጨረሻው ምስጢር ነው። እኛ ግን የፊልሙ ኃይል ያለው ሌላ ቦታ ነው እንላለን። መርማሪው ፖሊስ ቶርን ከተገደለ ባለጸጋ ቤት ጥቂት ምግብ ይዞ ይመጣል። አብሮት የሚኖረው አዛውንቱ ሶል ሥጋውን ሲያይ ያለቅሳል። ከዚያም ሁለቱ ተቀምጠው ያለ ብዙ ንግግር ይበላሉ። «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይባላል። ሶል የሚያለቅሰው የቀድሞውን ዘመን ስለሚያስታውስ ነው፤ በችጋር ዘመን ያደገው ቶርን ግን የሚናፍቀው እንኳ የለውም። ባለጸጎቹ ከእህሉ ጋር ምኞቱንም ቀምተውታል። ይህን ያለ ብዙ ቃል ማስተላለፍ ታላቅ የጥበብ ሥራ ነው።

ድክመቱስ? ለፊልሙ መነሻ በሆነው በሃሪ ሃሪሰን የ1966 ልቦለድ ውስጥ ሶይለንት የሚሠራው ከአኩሪ አተርና ከምስር ነው። አስደንጋጩን ምስጢር የጨመረው ፊልሙ ነው። በዚህም የተነሣ ተመልካቹ በአንድ ወንጀለኛ ኩባንያ ላይ ይቆጣና ማርማላታው ለምን በጥቂቶች ቤት ብቻ እንደ ተገኘ መጠየቁን ይተዋል። ፊልሙ የረሃቡን ጥፋት ከሁሉ ይልቅ በሕዝቡ ብዛት ላይ ይጥላል። «የቤት ዕቃ» ተብለው ከመኖሪያው ጋር የሚከራዩትን ሴቶችም ያሳየናል እንጂ እነርሱ ምን እንደሚመኙ እምብዛም አይጠይቅም።

2022 መጥቶ አለፈ። ኒው ዮርክ ከ9 ሚሊዮን ያነሰ ሕዝብ ነበራት። ሆኖም በተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ግምት በዚያው ዓመት ከ691 እስከ 783 ሚሊዮን ሰው ተርቧል፤ ዓለም የምታመርተው እህል ግን ለሁሉ በበቃ ነበር። በዚያው ዓመት በቦረናና በሶማሌ ምድር ዝናቡ በተከታታይ ወቅቶች ቀርቶ የአርብቶ አደሩ ከብት አለቀ። የዝናቡን ሥርዓት የሚያዛባውን ጭስ በብዛት የለቀቁት ግን እነርሱ አልነበሩም። እንግዲህ ፊልሙ በቁጥሩ ተሳስቷል፤ በማርማላታው ግን አልተሳሳተም።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ ፊልሙን በክፍል ውስጥ ለውይይት ስናቀርብ «ሶይለንት ከምን ተሠራ?» በሚለው አንቁም። «ማርማላታው በማን እጅ ነበር? ስለምን?» ብለን እንጠይቅ። ተማሪዎቻችን መልሱን ከፊልሙ ውጭም ፈልገው ያገኙታል።