ምዕራፍ 39 የሌለው ምስክርነት

በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የመዝሙር ግጥሞችንና መጻሕፍትን እንመለከታለን። ዛሬ ግን ሁላችሁም የምታውቁትን፣ ብዙዎቻችሁም መድረክ ላይ ቆማችሁ ያቀረባችሁትን፣ ነገር ግን እንደ ድርሰት ቆጥረን መርምረነው የማናውቀውን አንድ ነገር ላንሣ፤ ምስክርነትን። ምስክርነት በቃል ቢነገርም ድርሰት ነው። አጀማመር አለው፤ የታወቀ አካሄድ አለው፤ ጉባኤው «ሃሌ ሉያ» የሚልበት ቦታ እንኳ ቀድሞ ይታወቃል። ድርሰት ከሆነ ደግሞ የሚናገረውን ብቻ ሳይሆን የሚተወውንም መጠየቅ ይገባናል።

በምን ዓይን እንደማነበው አስቀድሜ ልንገራችሁ። ከአምስት ዓመት በፊት ያለ ምክንያት መክሳት ጀመርኩ። ከወትሮው አብልጬ እየበላሁ ቀሚሶቼ ሰፉኝ። ሌሊት እንቅልፍ የለም። ሌላው ሰው ጋቢ ሲደርብ እኔን ያልበኛል። ተቀምጬ ሳለሁ ልቤ ሮጦ እንደመጣ ሰው ይመታል። አንድ ቀን ጸሎት ላይ እጆቼ ሲንቀጠቀጡ ያዩ አንዲት እናት «መንፈስ ቅዱስ እየነካት ነው» ብለው እጃቸውን ጫኑብኝ። እኔም እንደዚያ መስሎኝ አለቀስኩ። በኋላ የደም ምርመራው የመንቀጥቀጡን ምክንያት ነገረን፤ ግሬቭስ የሚባል የታይሮይድ ዕጢ በሽታ ነበር።

በሽታው ስሙን ያገኘው በ1835 እ.ኤ.አ. ስለ እርሱ ከጻፈው ከአየርላንዳዊው ሐኪም ከሮበርት ግሬቭስ ነው። ታይሮይድ አንገታችን ላይ ያለች የቢራቢሮ ቅርጽ ያላት ዕጢ ናት። የሰውነታችንን የሥራ ፍጥነት የሚወስን ሆርሞን ታመነጫለች፤ መቼ እንደምትጨምርና መቼ እንደምትቀንስ የሚነግራት መልእክት ደግሞ ከአንጎል ሥር ካለች ሌላ ዕጢ ይመጣላታል። በግሬቭስ ጊዜ ከበሽታ ሊጠብቀን የሚገባው የሰውነት መከላከያ ይሳሳትና ያንን መልእክት የሚመስል ፀረ እንግዳ አካል ይሠራል። ዕጢዋም ሌትና ቀን «ጨምሪ» የሚል ትእዛዝ ትሰማለች። በደጋው አገራችን የምናውቀው እንቅርት በብዛት ከአዮዲን እጥረት የሚመጣ ስለሆነ ዘመዶቼ «ጨው ቀይሪ» አሉኝ። የእኔ ግን ጨው የሚያድነው አልነበረም።

መድኃኒቱ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወር ይወሰዳል። እኔ 18 ወር ዋጥኩ፤ ደሜ ተስተካከለ፤ ሐኪሜም መድኃኒቱን አስቆመኝ። ካቆሙት ሰዎች ግማሽ ያህሉ በሽታው እንደሚያገረሽባቸው፣ ይህም ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ዓመት እንደሚሆን፣ ስለዚህ ምርመራዬን እንዳላቋርጥ ነገረኝ። እኔ የሰማሁት «አቁሚ» የሚለውን ብቻ ነው። በሚቀጥለው እሑድ በወጣቶች ፕሮግራም ላይ ቆሜ «ታምሜ ነበር፤ ጌታ ፈወሰኝ፤ ይህ በሽታ ዳግመኛ አያየኝም» አልኩ። ጭብጨባው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። በሰባተኛው ወር አገረሸብኝ።

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ይላል ያገራችን ሰው። በእኔ እንቅርት ላይ የተጨመረው ጆሮ ደግፍ ያ ምስክርነት ነበር። ልቤ እንደገና መምታት ሲጀምር ምርመራውን ስድስት ሳምንት አዘገየሁ፤ ጌታን እንዳላሳፍር ብዬ። አሁን ሳስበው እንዳይዋረድ የሳሳሁለት ጌታ ሳይሆን የራሴ ድርሰት ነበር። መድኃኒቱን እንደገና ስጀምር ክኒኖቹን በከረሜላ ቆርቆሮ ውስጥ ደብቄ ያዝኩ። የሰሙ ጓደኞቼም «ማመን አቆምሽ እንዴ?»፣ «በአፍሽ አታውጪው፤ ተፈውሻለሁ ማለትሽን ቀጥዪ» አሉኝ። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ይወዱኛል። ነገር ግን ያገረሸበትን ሰው የሚያስቀምጡበት ቦታ አልነበራቸውም። እኔም ራሴን የማስቀምጥበት አጣሁ።

እንግዲህ ድርሰቱን እንመርምር። ምስክርነታችን ሦስት ክፍል አለው፤ «ድሮ»፣ «ያን ቀን» እና «አሁን»። «ድሮ» በዝርዝር የተሞላ ነው፤ የት እንደታከምን፣ ምን ያህል ብር እንደጨረስን፣ ማን ተስፋ እንደቆረጠብን ይነገራል። «ያን ቀን» ሰዓቱ ሳይቀር ይጠቀሳል። «አሁን» ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም «ይኸው ፊታችሁ ቆሜአለሁ» የሚል ነው። ከዚያ ማይኩ ለቀጣዩ ሰው ይሰጣል።

ይህን አወቃቀር ለመናቅ አይደለም የምጽፈው። በቤተ ክርስቲያናችን ፊደል ያልቆጠረች እናት ከመጋቢው እኩል ማይክ የምትይዝበት ሰዓት ይኸው ነው። የተደረገልንን እንዳንረሳ ያስታውሰናል። ታሞ የመጣ ሰው «ለእኔም ይሆናል» ብሎ ቀና እንዲል ያደርጋል። እኔም ሕፃን ሳለሁ እምነትን የተማርኩት ከስብከት ይልቅ ከምስክርነት ነው። ጉድለቱ ታሪኩን በጣም ቀድሞ መዝጋቱ ነው። ግሡ ሁሉ በ«ነበር» ያልቃል፤ «ነበር» ካልን በኋላ ደግሞ የሚመጣው ነገር ሁሉ ውርደት ይሆንብናል። ስኳር ያለበት፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ አእምሮው የሚታወክ፣ በየቀኑ መድኃኒት የሚውጥ ወጣት በዚህ ድርሰት ውስጥ ቦታ የለውም። ጨርሶ እስኪድን ድረስ የሚናገረው እንደሌለው እንቆጥረዋለን።

መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ግን ሌላ ዓይነት አገኘሁ። ኢሳይያስ 38ን አውጡ። ንጉሥ ሕዝቅያስ ለሞት የሚያደርስ ሕመም ይታመማል። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይጸልያል፤ ያለቅሳል፤ 15 ዓመት ይጨመርለታል። ከቁጥር 9 ጀምሮ ያለው ከሕመሙ ከተነሣ በኋላ ራሱ የጻፈው ግጥም ነው። በ2ኛ ነገሥት 18፥2 መሠረት በ25 ዓመቱ ነግሦ 29 ዓመት ገዝቷል፤ ከዚህ ላይ የተጨመረለትን 15 ዓመት ብትቀንሱ ሲታመም 39 ዓመት ያህል ነበረ ማለት ነው። እንደ እኔ በሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ ሰው ድርሰት ነው።

እንደ ድርሰት ስታነቡት መጀመሪያ የሚገርማችሁ ለመዳን አለመቸኮሉ ነው። የዳነ ሰው ጽሑፍ ሆኖ ሳለ ከቁጥር 10 እስከ 14 ድረስ በሕመሙ ውስጥ ይቆያል። ሕይወቱን እንደሚነቀል የእረኛ ድንኳን፣ ሸማኔ ጠቅልሎ እንደሚቆርጠው ጨርቅ ያየዋል። ሌሊቱ አጥንት የሚሰብር አንበሳ ነው። ጸሎቱ የወፍ ጭውጭውታና የርግብ ማቃሰት ነው። እንዲህ ያለውን ጸሎት በመድረካችን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ሁለተኛው ቁጥር 15 ነው። ብዙ ትርጉሞች እንደሚያስቀምጡት፣ ከተነሣ በኋላ ስላለው ዕድሜ ሲናገር በነፍሱ ምሬት የተነሣ ቀስ ብሎ እንደሚራመድ ይናገራል። ተፈውሷል፤ አካሄዱ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ይህን ቁጥር ሳነብ ደረጃ ስወጣ የማደርገውን አስታወስኩ። ልቤ ይመታል፤ እቆማለሁ፤ «ደረጃው ነው ወይስ እርሱ ተመልሶ ነው?» ብዬ ጣቴን አንጓዬ ላይ አድርጌ እቆጥራለሁ። አምልኮ ላይ ስንዘል እንኳ ከዝማሬው መሐል ቆሜ እቆጥራለሁ። ቀስ ብሎ መራመድ ይህ ነው። ሕዝቅያስ ይህን ከምስጋናው ግጥም አላወጣውም።

ሦስተኛው በቁጥር 19 ያለው ምስጋና ነው። የሚያመሰግነው ሕያው ሰው ነው፤ ንጉሡም «ዛሬ እንደማደርገው» በሚል መንፈስ ይናገራል። ምስጋናውን ያቆመው በዛሬው መኖሩ ላይ እንጂ ዳግመኛ እንደማይታመም በሚሰጥ ማረጋገጫ ላይ አይደለም። የእኔ ምስክርነት የተሳሳተው እዚህ ነው። «ዛሬ ደሜ ተስተካክሏል፤ ጌታ ይመስገን» ማለት እውነት ነበር። «ዳግመኛ አያየኝም» የሚለውን ግን ማንም አልነገረኝም፤ ድርሰቱ ማማር ስለነበረበት ራሴ ጨመርኩት።

አራተኛው መድኃኒቱ ነው። በ2ኛ ነገሥት 20፥7 የበለሱ ጥፍጥፍ በታሪኩ መካከል ይመጣል። በኢሳይያስ 38 ግን ግጥሙ ካለቀ በኋላ፣ በቁጥር 21 ተቀምጧል። ዝማሬው ካበቃ በኋላ ነቢዩ በለስ አምጥታችሁ እባጩ ላይ አድርጉ እንዳለ እናነባለን። መጽሐፉ መድኃኒቱን በከረሜላ ቆርቆሮ አልደበቀውም። እናንተም ክኒናችሁን አትደብቁ፤ ጸሎት ስለተደረገላችሁም ሐኪማችሁን ሳታማክሩ አታቁሙ። ያልታከመ ግሬቭስ ልብን ይጎዳል።

አምስተኛው ምዕራፍ 39 ነው። ከፈውሱ በኋላ የባቢሎን መልእክተኞች ይመጣሉ፤ ሕዝቅያስም ያለውን ሀብት ሁሉ አንድ ሳያስቀር ያሳያቸዋል፤ 2ኛ ዜና 32፥25 ልቡ እንደታበየ ይናገራል። መጽሐፍ ቅዱስ ታሪኩን በዝማሬው ላይ ሊዘጋው ይችል ነበር፤ አልዘጋውም። ከተፈወሰ በኋላ ያለው ሕይወትም ይተረካል፤ ድካሙ ሳይቀር። የእኛ ምስክርነት ግን ሁልጊዜ ምዕራፍ 38 ላይ ያበቃል።

በአንድ ነገር ከንጉሡ እለያለሁ። እርሱ የሚቆጥረው ቁጥር ተሰጥቶታል፤ እኔ አልተሰጠኝም። ቁጥር ለሌለው ሰው ምን ዓይነት ድርሰት ይስማማዋል? እዚህ ላይ ኮሌጅ ሳለሁ ያነበብኳት አንዲት ክርስቲያን ገጣሚ ትዝ ትለኛለች። እንግሊዛዊቷ ክርስቲና ሮሴቲ (1830–1894 እ.ኤ.አ.) በ1870ዎቹ መጀመሪያ በዚሁ በግሬቭስ በሽታ ታመመች፤ በሽታው መልኳን ሳይቀር ለወጠው። ከዚያ በኋላም መጻፏን አላቆመችም። በ1885 ያሳተመችው አንዱ መጽሐፏ ለዓመቱ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ንባብ እንዲሆን የተዘጋጀ ነው። የአንድ ቀን ንባብ የዓመቱን መጨረሻ ማወቅ አይጠይቅም። ለዛሬ የሚሆነውን ይናገራል፤ ነገ ደግሞ የራሱ ገጽ አለው። እንዲህ ያለው ቅርጽ ቁጥር ለሌለን ሰዎች የሚበቃ ይመስለኛል።

«መምህርት፣ ይህ ጥርጣሬን ማስተማር አይሆንም?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እግዚአብሔር ፈጽሞ ይፈውሳል ብዬ አምናለሁ፤ እንዲህ የተፈወሱ ሰዎችንም አውቃለሁ። ጳውሎስ ግን በ2ኛ ቆሮንቶስ 12 ላይ ስለ ሥጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ ለምኖ የተሰጠው መልስ መውጊያውን የሚያነሣ አልነበረም፤ ጸጋ ግን ነበረበት። ጳውሎስም ይህን ጽፎ ለአብያተ ክርስቲያናት እንዲነበብ ላከው እንጂ እስኪፈወስ ድረስ ዝም አላለም። ማመን ማለት ስለ ነገው ደሜ ትንቢት መናገር ከሆነ እኔ አላመንኩም። ማመን ውጤቱ ምንም ቢሆን ወደማውቀው አባት መሄድ ከሆነ ግን በሽታው ካገረሸብኝ በኋላ ያመንኩት ከበፊቱ አይበልጥ ይሆናል፤ አያንስም ግን።

ሁለተኛውን ዙር መድኃኒት ከጨረስኩ ስምንት ወር ሆኖኛል። የወጣቶች መሪዎቻችን በዓመታዊው ጉባኤ ላይ እንድመሰክር ጠይቀውኛል። መጀመሪያ ልጽፍ ብዬ ነው ይህን የጻፍኩት። እንዲህ ልል አስቤአለሁ፦ ታምሜ ነበር፤ ተሻለኝ፤ አገረሸብኝ፤ እንደገና ተሻለኝ። ዛሬ ደህና ነኝ። እፈራለሁ። ከመድረኩ ስወርድ ማንም «አትፍሪ» ሳይለኝ አብሮኝ ቢጸልይ ደስ ይለኛል።

እናንተም በኅብረታችሁ አንድ ምሽት ይህን ሞክሩ። እያንዳንዱ ሰው «ድሮ»ን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨርሶ፣ የቀረውን ገጽ ስለ «አሁን» ይጻፍ። ያላለቀውን እንዳላለቀ ይተወው። ከዚያ ለአንድ ሰው ያንብብለት። ገና ያልዳነ ወንድም ወይም እህት በመካከላችሁ ካለ፣ በዚያ ምሽት የሚናገረው አያጣም።

የእኔ ቀጣይ የደም ምርመራ በሚመጣው ወር ነው።