ጭብጨባው ለመዞሪያው ይሁን

በአየር ኃይል በዓል ቀን ቢሾፍቱ ላይ አራት ጄቶች ክንፍ ለክንፍ ተጠጋግተው ሲያልፉ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ያጨብጭብ፤ ትርዒቱ ለሕዝብ ነው። እኔን የሚያናድደኝ ትናንት ክንፍ የተሰካለት ወጣት አብራሪም አብሮ አፉን ሲከፍት ማየት ነው። መጠጋጋት ደመና ለመብሳት ይጠቅማል፤ ለውጊያ ግን አይሆንም። የተጠጋ ዊንግማን፣ ማለትም ተከታዩ አብራሪ፣ ዓይኑ ከመሪው፣ ከሊደሩ፣ ክንፍ አይነቀልም፤ ታዲያ ጠላትን ማን ይይለት?

እንግሊዞች ይህን የተማሩት በደም ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 ሦስት ሦስት ሆነው ተጠጋግተው ይበሩ ነበር። ጀርመኖቹ ደግሞ እነ ቬርነር ሞልደርስ ከስፔን ጦርነት ይዘውት በመጡት ዘዴ፣ ሁለት ሁለት ሆነው፣ ሁለቱ ጥንድ አራት እየሆነ፣ ተራርቀው ይመጡባቸዋል። አንዱ ሲያጠቃ ሌላው ጀርባውን ይጠብቃል። እንግሊዞቹም ውለው አድረው ወደ አራት ዞሩ።

የተዋጊ አብራሪ ሥልጠናም በዚህ መሰላል ይወጣል፦ አንድ ለአንድ፣ ሁለት ለአንድ፣ ሁለት ለሁለት፣ ከዚያ አራት ሆኖ ከብዙ ጋር። አብራሪውም መጀመሪያ ዊንግማን፣ ቀጥሎ የሁለት መሪ፣ ከዚያ የአራት መሪ ይሆናል። አራት ታቅዶ አንዱ መሬት ላይ ቢበላሽ ሦስቱ ምን እንደሚሠሩ ከበረራ በፊት በሚደረገው ገለጻ፣ በብሪፊንጉ፣ ካልተነገረ፣ ያ በረራ ነዳጅ ማቃጠል ነው። ስለ መነሣትና ስለ ማረፍ አላወራም፤ ያንን የማይችል ስኳድሮን ውስጥ ምን ይሠራል?

እኔ የማየው አንድ ነገር ነው፤ መዞሪያውን።

ሁለት ጄቶች ጎን ለጎን፣ በ2 ኪሎ ሜትር ተራርቀው ወደ ሰሜን ይበራሉ እንበል። ወደ ምሥራቅ መዞር አለባቸው። የማያውቅ ሰው ሁለቱም እኩል የሚዞሩ ይመስለዋል። እኩል ከዞሩ ፊትና ኋላ ሆነው ይሰለፋሉ፤ የኋለኛውን ጀርባ የሚያይለት የለም። ስለዚህ በስተ ግራ ያለው፣ የውጩ፣ ቀድሞ ይዞራል፤ በጓደኛው ኋላ ያቋርጣል። የቀኙ ጠብቆ ይዞራል። ጎን ለጎን ሆነው ሲወጡ ቦታ ተለዋውጠዋል፤ ርቀታቸው ግን ያው 2 ኪሎ ሜትር ነው።

ጥበቡ ያለው በመጠበቁ ላይ ነው። በሰዓት 720 ኪሎ ሜትር የሚበር ጄት በሰከንድ 200 ሜትር ይሄዳል፤ 2 ኪሎ ሜትሩ 10 ሰከንድ ነው። ሁለት ሰከንድ የዘገየ 400 ሜትር ወደ ኋላ ይቀራል፤ ርቀቱም በዚያው ልክ ይሰፋል። የቸኮለ ደግሞ ከጓደኛው ፊት ይወጣል፤ ርቀቱም ይጠብባል። ከመዞሪያው በኋላ አንዱን ሞተር እያስጮኸ ጓደኛው ላይ ለመድረስ ሲታገል ካያችሁት፣ ሥራው የተበላሸው ሲዞር መሆኑን ዕወቁ። ጎበዝ ጥንድ ሬዲዮ እንኳ አይነካም፤ ሊደሩ ክንፉን ወዝወዝ ካደረገ ይበቃል።

የድሮዎቹ አስተማሪዎች ይህን አያልፉም ነበር። አንድ የማውቃቸው ሻለቃ ዘንግ ላይ የተሰኩ ሁለት የእንጨት አውሮፕላኖች ነበሯቸው። ከበረራ በኋላ አንዱን ለሊደሩ፣ አንዱን ለዊንግማኑ ይሰጡና ቁጭ ብለው፣ ዙሩ ይላሉ። ሁለቱ ልጆች የጠረጴዛውን ዙሪያ እየሄዱ መዞሪያቸውን ይደግማሉ። ማን የት እንደዘገየ ሻለቃው አይናገሩም፤ ዘንጎቹ ራሳቸው ያሳብቃሉ። ልጆቹ እስኪያስተካክሉት ድረስ ምሳ የለም። በረራው ከአንድ ሰዓት ብዙ አይዘልም፤ ከበረራ በኋላ ያለው ውይይት፣ ዲብሪፊንጉ፣ ግን እጥፉን ይወስዳል። አሁን አሁን አሥር ደቂቃ አውርተው ወደ ሻይ ቤት የሚሮጡትን ሳይ እኒያ ዘንጎች የት እንደ ገቡ እጠይቃለሁ።

በ1969 ዓ.ም. ክረምት የኛ ኤፍ-5 ጄቶች በኦጋዴን ሰማይ የሶማሊያን ሚጎች ሲጥሉ ሰው ያስታወሰው መድፉንና ሚሳይሉን ነው። ጀርባው ሳይጠበቅለት መድፍ የሚያነጣጥር አብራሪ ግን ብዙ አይቆይም።

ስለዚህ ስኳድሮን ልትገመግሙ ከሄዳችሁ ስንት አውሮፕላን በአንዴ እንዳስነሣ አትጠይቁ። ስምንት ማስነሣት የቴክኒሻኖቹ ጉብዝና ነው፤ ለእነሱ አጨብጭቡላቸው። ለአብራሪዎቹ መለኪያው ሌላ ነው፦ ሁለቱ ከመዞሪያ ጎን ለጎን ካልወጡ፣ አራት አታድርጓቸው።