ኮምፒውተሩ ከበሮ ሲመታ እጁ የት አለ?

በዚህ እትም የምንተቸው መጽሐፍ ወይም ድራማ ሳይሆን በላፕቶፕ የሚሠራውን ከበሮ ነው፡፡ ሐበሻው በርከት ብሎ በሚኖርባት በካንሳንጋ ለሰርግም ሆነ ለልደት ሙሉ ባንድ መጥራት የማይታሰብ ነው፡፡ ከየት ተገኝቶ! ኪቦርድና ላፕቶፕ ግን አይጠፋም፤ ፍሩቲ ሉፕስም አለ (ስሙ እ.ኤ.አ. በ2003 ኤፍ ኤል ስቱዲዮ ሆኗል)፡፡ ተማሪዎቻችንም በዚሁ ዘፈን እየሠሩ በስልክ ይላላካሉ፤ በካምፕ ያላችሁም ሳትሰሙት አትቀሩም፡፡

ዘፈኑ ደህና ሲሄድ ይቆይና አዝማቹ ሊገባ ሲል "ሮል" ይመጣል፤ ከበሮው በሁለት እጅ ሳያቋርጥ በፍጥነት ሲመታ ማለታችን ነው፡፡ ነገሩ የሚበላሸው ያኔ ነው፡፡ ትረረረረ! ከበሮ ሳይሆን መትረየስ፡፡ ከጦርነት ሸሽቶ ለመጣ ጆሮ ደግሞ ይህ ቀልድ አይደለም፡፡

ብዙዎች "ድምፁ ጥሩ ስላልሆነ ነው" ብለው ሌላ ሳምፕል ፍለጋ ይሄዳሉ፡፡ እኛ በዚህ አንስማማም፡፡ ችግሩ አንዱ ምት እየተገለበጠ ሠላሳ ጊዜ መለጠፉ ነው፡፡ በደቂቃ 120 ምት በሚሄድ ዘፈን አንዱን ምት ለስምንት ብንከፍለው በሴኮንድ 16 ይሆናል፡፡ ሰው ሲመታው ግን ቀኝ እጁ 8፣ ግራ እጁ 8 ነው፤ ብዙ ጊዜ ግራው ደከም፣ ትንሽም ዘግየት ይላል፡፡ ፕሮግራሙ ለምቱ ጉልበት ከ1 እስከ 127 ቁጥር ሰጥቶናል፤ "ቬሎሲቲ" የሚሉት ነው፡፡ ሰነፉ ሠሪ ሁሉንም 100 ላይ ትቶ ይተኛል! ቀኙን 95፣ ግራውን 80 አካባቢ ማድረግ፣ ከዝቅታ ጀምሮ ወደ መጨረሻው ማሳደግ፣ አንዳንዱን ምት ከመስመሩ ጥቂት ሚሊሴኮንድ ገፋ ማድረግ፣ በቃ ይኸው ነው፡፡ "ሂዩማናይዝ" የሚባለውን ብቻ መጫን ግን መፍትሔ አይሆንም፡፡ እሱ ቁጥሩን እንደ ዕጣ ይበትነዋል፤ የሰው እጅ ደግሞ በዕጣ አይመታም፡፡

ይባስ የሚለው የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ በዚህ መንገድ ሲሠራ ነው፡፡ ያ ከበሮ ሁለት አፍ አለው፡፡ ሰፊው ወፍራም፣ ጠባቡ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል፤ መቺው በአንገቱ አንጠልጥሎ በሁለት መዳፉ ይመታዋል፡፡ እንግዲህ በአንድ አፍ ላይ የተደረደረ 16 ምት የማርሽ ባንድ ከበሮ እንጂ የእኛ አይደለም፡፡ ወረብ ያየ ሰው እንደሚያውቀው ምቱ በዝግታ ይጀምርና እየፈጠነ ይሄዳል፣ ጭብጨባውም ይከተላል፡፡ ኮምፒውተሩ ግን ካላዘዙት ፍጥነቱን አይለውጥም፡፡ ፕሮግራሙ ሲከፈት የሚያሳየው 16 ሳጥንም ለችክችካ አይመችም፤ 12 ማድረግ ይሻላል፡፡ አለበለዚያ ዘፈኑ በሦስት፣ ሮሉ በአራት እየቆጠሩ ይጋጫሉ፡፡

ማሽን ይጥፋ እያልን አይደለም፡፡ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1981 ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ፡፡ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮን፣ ኪቦርድና የከበሮ ማሽን ይዞ ብቻውን የሠራው ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ ብዙ የውጭ አገር ሰው ሰማው፡፡ እዚያ ላይ ማሽኑ "ከበሮ መቺ ነኝ" አይልም፤ እንደ ሰዓት ይቆጥራል፣ የሰው እጅ የሚሰማው አኮርዲዮኑ ላይ ነው፡፡ ይህ ሐቀኛ ሥራ ነው፡፡ የልጆቻችን ሥራ ግን መሐል ላይ ቀርቷል፡፡ ማሽንም አልሆነ፣ ሰውም አልሆነ፡፡

እኛን የሚያሳስበን በስደት የተወለዱት ናቸው፡፡ ከበሮ ሲመታ በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ልጆች ተዘጋጅቶ የመጣውን ሉፕ ከበሮ ነው ብለው ይይዙታል፡፡ ስለዚህ መምህራን ላፕቶፑ ከመከፈቱ በፊት እጅ ይቅደም፡፡ ካምፓላ ያለን፣ ባጋንዳዎች እንጋላቢ የሚሉትን ረዥም ከበሮ በመዳፋቸው ሲመቱ ቆመን እንይ፤ ክፍያ የለውም፡፡ ካምፕ ያላችሁ ደግሞ ጀሪካን አላችሁ፡፡ ባዶ ጀሪካን ጎኑ ሌላ፣ ታቹ ሌላ ድምፅ አለው፡፡ ሁለት ተማሪ ይምታው፣ ሦስተኛው በስልክ ይቅዳው፤ ከዚያ የትኛው ምት እንደጠነከረ፣ የትኛው እንደዘገየ እየሰሙ ቁጥሩን ፕሮግራሙ ላይ ያስገቡ፡፡